ሁለት ሳንቃ

ደልሲ የእግሯን ጣቶች የመዋኛው መነሻ ጫፍ ላይ አሰልፋ ወደ ኦሊቭ ዞረች። «ዛሬስ አትደርሺብኝም» አለችና ምላሷን አወጣችባት።

ኦሊቭ መሳቅ አቃታት። በውድድሩ ደንብ ደካማዋ ቀድማ ትዘላለች፣ ፈጣኗ መጨረሻ ትነሳለች። የአሥር ዓመቷ ደልሲ የመጀመሪያዋ ናት፤ ኦሊቭ የመጨረሻዋ። ዛሬ ጥሩ ሰዓት ያመጣች ከሲድኒ ወደ ሜልበርን ለትልቅ ውድድር ትላካለች።

ሴቶች ሲወዳደሩ ለወንድ ማየት ክልክል ነው፣ ለገዛ አባትም ቢሆን። ክሮል የሚሉትን አዲሱን የዋና ስልት ለኦሊቭ ያስተማራት ግን አባቷ ነው፤ አንድም ቀን ስትወዳደር አይቷት አያውቅም። ስለዚህ ማለዳ በጀልባ ሄዶ መዋኛውን ከባሕሩ ከሚለየው የእንጨት አጥር ሁለት ሳንቃ ነቀለ። በቀዳዳው ሊያያት፣ ሲያልቅ ሳንቃዎቹን መልሶ በምስማር ሊመታ። ቁርስ ላይ እየሳቀ ሲነግራት ኦሊቭ በደስታ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። አጥሩ የቆመው ወንዶችን ለመከልከል ብቻ ይመስል፣ ሁለቱም ሌላ ነገር ትዝ አላላቸውም።

ነገሩ የገባት ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ነው። ትናንት ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ሻርክ የሚባለው ሰው በላ ዓሣ የአንድ ዓሣ አጥማጅ ውሻ ወስዶበታል እያሉ ልጆቹ ያወሩ ነበር። «እኛ ምን ቸገረን፣ አጥር አለን» አለች አንዷ። ኦሊቭ ሁለቱ ሳንቃዎች ትዝ አሏት።

አሁን ባሕሩ ሞልቷል። ውሃው ጠቁሮ ወለሉ አይታይም። ብትናገር አባቷ የሰፈር መሳለቂያ ይሆናል፤ እሷም ከዋናተኞቹ ማኅበር ትባረራለች፣ ሜልበርንም ይቀራል። ደግሞ በቀዳዳው ምንም ላይገባ ይችላል። እንዲህ እያለች ራሷን አባበለች። ከሁሉ ያስፈራት የራሷ ሐሳብ ነበር፦ እኔ እኮ የምገባው መጨረሻ ላይ ነው ብላ አስባለች።

አስጀማሪዋ ሚስ ፓርዲ እጃቸውን አነሱ። ደልሲ ጎንበስ አለች።

ኦሊቭ ክንዷን ያዘቻት።

«ልቀቂኝ እንጂ። ፈራሽ እንዴ?»

«አዎ» አለች ኦሊቭ። ከዚያ ወደ ሚስ ፓርዲ ዞረች። «አጥሩ ተከፍቷል። ሁለት ሳንቃ የለውም።»

ሚስ ፓርዲ እጃቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። «ማነው የነቀለው?»

ኦሊቭ አጥሩን አየች። በቀዳዳው የአባቷ ባርኔጣ ይታያል፤ እሷን ለማየት እየተንጠራራ ነው።

«አባቴ ነው» አለችና የመዋኛ ቆቧን መፍታት ጀመረች።