ሁለት ሰዓት ወይስ ሦስት?

መጀመሪያ የተያየን ቀን ቢሮ ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጬበት ነበር።

«ይቅርታ... የኔ ቦታ መሰለኝ» አለኝ።

ድንብርብሬ ወጣ! ስነሳ የያዝኩትን ውሃ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። እሱ ግን ሳቀ። ያ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልጠፋም።

ሁለታችንም ፕሮግራመሮች ነን። ለአንድ ክሊኒክ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን እንዳይረሱ ጠዋት ጠዋት መልእክት የሚልክ ፕሮግራም አብረን ሠራን። የመስኮቱ ብርሃን ጣቶቹ ላይ ሲያርፍ እያየሁ በቁሜ አልም ነበር።

መልእክቱ የሚላክበትን ሰዓት ፕሮግራሙን ስናስነሳ በትእዛዝ እንነግረዋለን። ካልነገርነው፣ ኮዱ ውስጥ የተጻፈለትን መነሻ ሰዓት ይይዛል። እኔ ሁለት ሰዓት ብዬ ጽፌያለሁ።

አንድ ቀን፣ ፕሮግራሙን ባደስን ማግስት፣ መልእክቱ በሦስት ሰዓት ተላከ። አንዲት እናት መድኃኒታቸው ዘግይቶባቸው ራሳቸውን ሳቱ። እግዜር ይመስገን፣ ተረፉ።

«ሳትነግረኝ ሰዓቱን ለምን ቀየርከው?» ጮኽኩበት።

«እኔ? የጻፍሽውን ነክቼ አላውቅም!»

«ታዲያ ሰይጣን ነው የቀየረው?»

ፊቱ ዳመነ። ሐሙስ ዕለት አለቃችን «ወደ ሌላ ክፍል ልዛወር ብሏል» አለችኝ።

ለብቻዬ ኮዱን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አገኘሁት! እኔ ለትእዛዙ ረጅም ስም ሰጥቻለሁ፤ እሱ ደግሞ ለአጠቃቀም እንዲቀል አጭር ስም ጨምሯል። ሁለቱም ሰዓቱን የሚያስቀምጡት አንድ ቦታ ላይ ነው። የኔ መነሻ ሁለት፣ የሱ ሦስት! ኋላ የመጣው የፊተኛውን ይሽረዋል። የቱ ኋላ እንደሚመጣ ደግሞ ማንም አልወሰነም፤ ፕሮግራሙን ስናድሰው ተራቸው ተገለባብጦ ነበር።

ሊወጣ ሲል ደረጃው ላይ ደረስኩበት።

«አልዋሸኸኝም... በደልኩህ» አልኩት እያለከለክሁ፤ ያገኘሁትን ነገርኩት።

ክው አለ። «እኔም እኮ አንቺ የጻፍሽውን ሳላይ ነው ሦስት ያልኩት። ሰው ቁርሱን እስኪበላ ብዬ...»

«ታዲያ ለምን ትሄዳለህ?»

«አንቺ እንደ ሌባ እያየሽኝ አጠገብሽ መቀመጥ አልቻልኩማ!»

የዚያን ቀን መነሻውን ሰዓት አንድ ቦታ ብቻ ጻፍነው፤ ሁለቱም ስሞች ከዚያው እንዲወስዱ አደረግን። ቅዳሜ እኚያን እናት ይቅርታ ልንጠይቅ ቤታቸው ሄድን።

አልተቆጡንም። እጃችንን ይዘው አስቀመጡንና አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩ።

«ከተጋባችሁ ስንት ጊዜያችሁ ነው ልጆቼ?»

«ኧረ እማማ፣ እኛ...» ብዬ ሳልጨርስ፣ እሱ ቀደመኝ።

«ገና ነን እማማ። እሺ ካለችኝ ግን በቅርቡ ነው።»

መልስ ፍለጋ ብዙ አልሄድኩም።

«እሺ!»