ሰሌዳዬን የቀባው ሰው

መጀመሪያ ያየሁት የክፍሌን ጥቁር ሰሌዳ ሰማያዊ ቀለም ሲቀባ ነው።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ግድግዳውን እያደስኩ።»

«እሱ እኮ ሰሌዳ ነው። የማስተምርበት።»

ብሩሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ሰሌዳና ግድግዳ የማይለይ ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ አሳፍረው ይልኩልናል፣ አልኩ በሆዴ።

በየዓመቱ ይመጣሉ። በጎ ፈቃደኞች ነን ይላሉ፤ እኛ «ቀቢዎቹ» እንላቸዋለን። ትምህርት ቤቱን ይቀባሉ፣ የሰው ሕፃን አቅፈው ፎቶ ይነሳሉ፣ የውሃ ጉድጓዳችንን አይተው ያለቅሳሉ፣ ከዚያ ይሄዳሉ። የመንደሩ አስተማሪ ስለሆንኩና ቋንቋቸውን ስለምችል ሲያለቅሱ ማባበሉም የኔ ሥራ ነው። አስተባባሪያቸውማ ፎቶ የማታነሳው ስትተኛ ብቻ ነው። እጅ እጅ ብለውኝ ነበር።

እሱ ግን በማግስቱ ጓደኞቹ ወንዝ ሊዋኙ ሲወርዱ ክፍሌ ቀረ። ሰሌዳውን በብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ዋለ።

«ተወው፣ እኛ እንጨርሰዋለን» አልኩት።

«እኔ ያበላሸሁትን እኔ ላስተካክል» አለ ቀና ሳይል።

ጣቶቹ ተልጠዋል። አንጀቴን በላው። የሚሄድበት ቀን ሲደርስ ወድጄው ነበር፤ እሱም እንደወደደኝ ነገረኝ።

«እመለሳለሁ» አለኝ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፣ ብዬ ተውኩት። በዓመቱ ግን እውነትም ተመለሰ።

ከመኪናው ሲወርድ ወደ እኔ አልመጣም። ትምህርት ቤቱን እያየ ቆመ። አምና የቀቡት ግድግዳ ተፍቆ ጭቃው ይታያል።

«ማነው እንዲህ ያደረገው?»

«እኔ። ከመንደሩ ሰው ጋር።»

ፊቱ ጠቆረ። «ይህን ያህል ጠልተሽኛል?»

ሳቄ መጣ። «የኔ ጌታ፣ በየዓመቱ እንፍቀዋለን። ግድግዳው ካማረ እናንተ አትመጡም። እናንተ ካልመጣችሁ አብራችሁ የምትመጣዋ የዓይን ሐኪም አትመጣም። ሐኪሟ አንድ ዓመት ከቀረች ደግሞ የእናቴ ዓይን ይጠፋል።»

«ታዲያ ሐኪሟን ብቻ ላኩልን አትሏቸውም?»

«ብለናል። ቀቢ ከሌለ ጉዞ የለም አሉን።»

ለማንም ትንፍሽ አላለም። ግድግዳውን እንደገና ቀባ። አመሻሽ ላይ እናቴ ደጃፍ ከእኔ ጋር ይቀመጣል። እናቴ ዓይኗን አጨንቁራ ታየውና «ይሄ ልጅ ከሌሎቹ ሳይሻል አይቀርም» ትላለች። እናትና ልጅ አብረን ተሸወድን።

ሊሄዱ ሲቃረቡ እጄን ያዘኝ።

«አግቢኝ... ከዚህ ላውጣሽ።»

«ከምን?»

በእጁ መንደሩን አሳየኝ፤ የእናቴን ቤት ጨምሮ። «ከዚህ ሁሉ።»

ደነገጥኩ። ቢሆንም እወደው ነበርና ዋጥ አደረግሁት።

«እናቴን ጥዬ አልሄድም። አንተ ለምን አትቀርም? የሒሳብ አስተማሪ የለንም፤ አንተ አገርህ ሒሳብ ነው የምታስተምረው። ቤት አለን።»

«እዚህ?» ሳቅ አለ። «እዚህ ምን ሆኜ?»

«ባሌ ሆነህ።»

«እዚህ እኮ ደስ የሚለው ለጥቂት ሳምንት ሲሆን ነው... እኔ ልረዳሽ ነበር የፈለግሁት» አለኝ።

ወሽመጤ ቁርጥ አለ። ለካ ሰውዬው የሚያድናት እንጂ የሚያገባት ሴት አልፈለገም። እኔ ደግሞ ከምንም መዳን አላስፈለገኝም።

«ከረዳኸን ይበቃል። ሻንጣህን አዘጋጅ» አልኩት።

በመሰናበቻው ቀን መንደሩ ይሰለፋል፤ እኔ በሕዝቡ ስም አንድ በአንድ እየጨበጥኩ አመሰግናቸዋለሁ። ምስጋናው ካነሳቸው ይቀየማሉ፤ ከተቀየሙ ሐኪሟ ትቀራለች። የእሱ ተራ ደረሰ። ዓይኑ ቀልቷል።

«አንድ ነገር በይኝ» አለ ቀስ ብሎ።

ብዙ የምለው ነበረኝ። ከኋላዬ ግን እናቴ አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኖ ቆማለች።

«ስለመጣችሁ እናመሰግናለን» አልኩት፤ ለሌሎቹ እንዳልኩት።

እንባዬ ያኔ አመለጠኝ። አስተባባሪዋ ሮጣ መጥታ ፎቶ አነሳችኝ።

በዓመቱ ሐኪሟ መጣች፤ እሱ አልመጣም። አዲሶቹ ቀቢዎች ባለፎቶ የማስታወቂያ ወረቀቶቻቸውን ይዘው ነበርና አንዱን ለእናቴ ሰጧት። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ራሷ አየችው።

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«ሥሩ ላይ ምን ይላል?»

«በእርዳታችን ተደስታ አለቀሰች፣ ይላል።»

እናቴ ወረቀቱን አጣጠፈችና የሚወዛወዘውን የጠረጴዛችንን እግር ደገፈችበት።