ሃያ አራተኛው ማንኪያ

በዚያ ዓመት ጥጡ ሳይለቀም ዝናብ መታው። መስከረም ሙሉ ዘነበ፤ ፍሬው ቅርንጫፉ ላይ እንዳለ ሻገተ። የመሬት ባለቤቶቹ የመልቀሚያ መኪና ገዙ። ጢሰኛው ዕቃውን በጋሪ ጭኖ ከተማ ገባ። ኅዳር ላይ ለድሆች ይታደል የነበረው ዱቄት ቆመ። ለምን ቆመ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም ያውቃል። ጥቁሮች ለምርጫ መመዝገብ ጀምረው ነበር፤ ነጮቹ ሹማምንት በዚያ ቀጧቸው። ጥር ላይ ውርጭ ወረደ። መጀመሪያ ዶሮዎቹ ሞቱ፣ ቀጥሎ ሽማግሌዎቹ።

በአገረ ገዥው ቤት ግን ከማዕድ የጎደለ ነገር አልነበረም።

አሞስ ሃርግሮቭ በዚያ ቤት የገበታ አሳላፊ ነበር። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ እርምጃው የማይሰማ። አባቱም እዚያው ሲያገለግል ነው የሞተው። ለልጁ የተወለት ለቤተ ክርስቲያን የሚያጠልቀውን አንድ ጥንድ ነጭ ጓንትና አንድ ምክር ነው። «ጠዋት ስትገባ ጆሮህን ከካፖርትህ ጋር ምስማር ላይ ስቀለው» ይለው ነበር። «ስትወጣ አንሥተኸው ትሄዳለህ።»

ዊሎዲን ፕሩት ለካውያ ሥራ የተቀጠረችው ዝናቡ በበረታበት በዚያ መስከረም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አሞስ አንድ የጠረጴዛ ልብስ ይዞ ተመለሰባት።

«እዚህ ጋ ተጨማዷል» አላት።

ቀና አለች። ያየችው ግን ጨርቁን ሳይሆን እሱን ነው።

«የሚበሉት ጨርቁን ነው እንዴ?»

«እመቤቲቱ በዓይኗ ነው የምትበላው።»

«እንግዲያው ሥጋውን ለእኛ ትተውልና!»

በዚያ ቤት አሞስ ሲስቅ ያየው ሰው አልነበረም። ያን ቀንም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ ግን ዊሎዲን አየች።

ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ጀመረች። የሚያቀርብበትን ጓንት የምትተኩሰው እሷ ነበረች። በግራው ጓንት አውራ ጣት ውስጥ ፔካን ከሚሉት ለውዝ መሰል ፍሬ አንዲት የተፈለፈለች ታኖርለታለች። አሞስ እንግዶቹ ዘንድ ሊገባ ጓንቱን ሲያጠልቅ ጣቱ ፍሬዋን ይነካል። ሾርባውን በቀኝ እጁ እያቀረበ፣ ግራ እጁን ከጀርባው አድርጎ፣ ፊቱን እንደ ድንጋይ አጥብቆ ይቆማል። ዳኛና ጄኔራል ሲያስተናግድ ግራ አውራ ጣቱ ግን ከዊሎዲን ጋር ነበር።

አንድ ማክሰኞ ካውያዋን አስቀምጣ፣ «ሐሙስ ፍርድ ቤት እሄዳለሁ» አለችው። ሐሙስ ለቤት ሠራተኞች የግማሽ ቀን ዕረፍት ነው።

«ምን አድርገሽ ነው?»

«ምንም። ለምርጫ ልመዘገብ። ና፣ አብረን እንሂድ።»

በዚያ አገር ለምርጫ ያመለከተ ሰው ስሙ ሁለት ሳምንት ጋዜጣ ላይ ይወጣል። ሕጉ ነው። አሠሪውም፣ አከራዩም፣ ባለሱቁም ቁርሱን እየበላ ያነበዋል።

«እናቴ ያለችበት ቤት የአገረ ገዥው ነው ዊሎዲን።»

«አውቃለሁ። አልቀየምህም። ግን ጠይቄሃለሁ።»

ብቻዋን ሄደች። መዝጋቢው ለመራጭ የሚሰጠውን የሕገ መንግሥት ፈተና ወድቀሻል አላት።

ሰኞ ጠዋት ጋዜጣውን ቁርስ ጠረጴዛ ላይ የሚያኖረው አሞስ ነበር። ቆሞ አነበበው። ፕሩት፣ ዊሎዲን። ያን ገጽ ማውጣት ይችል ነበር። እጁ ገጹ ላይ ቆየ። ከዚያ ጋዜጣውን አጣጥፎ ከእንቁላሉ አጠገብ አኖረው።

እመቤቲቱ ዊሎዲንን ጠርታ የምሳውን የጠረጴዛ ልብስ ተኩሳ እንደጨረሰች ተሰናብታ እንድትሄድ ነገረቻት።

በምሳው ሰዓት ሚስተር ዊትከም የሚባል ከሰሜን ግዛቶች የመጣ ጋዜጠኛ ተጋብዞ ነበር። ሾርባውን እየጠጣ፣ «ዛሬ ስማቸው ከወጣው መካከል አንዷ እዚህ ትሠራለች አሉኝ» አለ።

«ትሠራ ነበር» አለ አገረ ገዥው። «ዛሬ አሰናበትናት። ግን በዚያ ምክንያት አይደለም። የእጅ አመል አለባት። አንድ የብር ማንኪያ ጠፋብን።» ወደ ኋላው ዞር አለ። «አሞስ! ማንኪያውን የምትቆጥረው አንተ ነህ። ጎድሏል አልጎደለም?»

አሞስ ጠዋት ቆጥሯል። ሃያ አራት ነበር። ሃያ አራተኛው ማንኪያ በዚያች ደቂቃ ጋዜጠኛው እጅ ላይ ነበር፤ ሾርባ ይንጠባጠብበታል።

«እርስዎ እንዳሉት ነው ጌታዬ» አለ አሞስ።

ወደ ወጥ ቤት ሲመለስ ዊሎዲን የተተኮሱትን ጨርቆች ታቅፋ ከበሩ ኋላ ቆማለች። ሰምታለች። ጨርቆቹን እጁ ላይ አስቀመጠችና በጓሮ በር ወጣች። ሮጦ አጥሩ ጋ ደረሰባት።

«ምን ልበል? ምን ነበር የምለው? ብናገር ሁለታችንም መንገድ ላይ ነበርን!»

«ሁለታችንም» አለች። «እሱ መጥፎ ነው? እኔ አሁን ብቻዬን ነው መንገድ ላይ ያለሁት።»

«ዊሎ...»

«በስሜ አትጥራኝ። ብታባርረኝ፣ እመቤቲቱ ናት፣ ታባርር። ሌባ ያደረግከኝ ግን አንተ ነህ። አንድ ቃል ዕዳ አለብህ አሞስ ሃርግሮቭ። ስትከፍል ና።»

አንዲት የቤት ሠራተኛ ከለቀቀችበት ቤት የምስክር ወረቀት ካልያዘች ሌላ ቤት አትቀጠርም። ሌባ የተባለችማ በሩንም አታንኳኳ። ዊሎዲን ያንን የብርድ ወራት በሁለት ክፍል ቤቷ የሰፈሩን ልብስ እያጠበች አሳለፈችው። ሰፈሩ ራሱ የሚከፍላት የለውም። አንዱ ጎመን ያመጣላታል፣ አንዱ እንጨት።

ታኅሣሥ ላይ አሞስ አንድ ጆንያ ተሸክሞ በሯ ላይ ቆመ።

«ምንድን ነው?» አለች ሳታስገባው።

«ዱቄት።»

«ዱቄት ነበር ከእኔ የተበደርከው?»

«አይደለም።»

«እንግዲያው ተሸክመህ ተመለስ።»

«ሰፈሩ ሁሉ እንዳልሰረቅሽ ያውቃል! ለማን ልናገር?»

«ሌባ ያለኝ ሰፈሩ ነው? ቃሉን የተናገርክበት ጠረጴዛ ላይ መልስልኝ። እኔ ጋ ይዘህ አትምጣ።»

እጇን አየ። ከውሃው ብዛት ቆዳው ተሰነጣጥቋል። ማየቱን አይታ በቀሚሷ ሸፈነችው።

«ጠልተሽኛል?» አላት።

ወደ መንገዱ አየች።

«ብጠላህማ ዱቄቱን ተቀብዬ እበላው ነበር» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

አሞስ ጆንያውን ተሸክሞ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጆሮው ምስማር ላይ አልሰቀል አለው። ጠረጴዛው ዙሪያ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። እመቤቲቱ የራሱን እናት «ያቺ አሮጊት ገና አለች?» ስትል ሰማ። አገረ ገዥው ዱቄቱ እንዴት እንደቆመ ለእንግዳ ሲያወራ፣ እንግዳውም ሲስቅ ሰማ። ድንች አቀረበላቸው።

ሚያዝያ ላይ አገረ ገዥው ለሴኔት ሊወዳደር ተነሣ። ሚስተር ዊትከም እንደገና ለምሳ ተጠራ፤ ቀኑ ሐሙስ ነበር። አሞስ በዋዜማው ለእናቱ ለሚስ ኦክታቪያ ሊነግራት ፈልጎ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ ነገ አንድ ነገር ልናገር አስቤያለሁ። ከተናገርኩ ይሄን ቤት...»

«ሻንጣዬን ከቆለፍኩት አራት ወር ሆነኝ» አለች እናቱ። «ልብስ ለመቀየር ስፈልግ ብቻ ከፍቼ እዘጋዋለሁ። አሰለቸኸኝ እኮ! ልክ እንደ አባትህ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚገባህ።»

በማግስቱ ሥጋው ተበልቶ ሳህኑ ተነሣ። እመቤቲቱ ለጋዜጠኛው ታወራለች። «እኛ ጋ የሚሠሩት እኮ ቤተሰባችን ናቸው። በሰሜን ያለው ወሬ ሁሉ ውሸት ነው። አሞስን ይጠይቁት። አሞስ፣ እዚህ ቤት ደስተኛ አይደለህም?»

አሞስ አይስክሬሙን ይዞ መግባት ነበረበት። የገባው የማንኪያውን ሣጥን ይዞ ነው። ከጠረጴዛው መካከል አኖረና ከፈተው። አንድ ማንኪያ አውጥቶ በነጩ ጨርቅ ላይ አስቀመጠ።

«አንድ» አለ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለች እመቤቲቱ።

«ሁለት። ሦስት። አራት።»

አልቸኮለም። እያንዳንዱን ማንኪያ ከጎኑ ካለው ጋር እያስተካከለ ደረደረ። አሥር ሲደርስ ወሬው ቆመ። ሃያ ሲደርስ ሚስተር ዊትከም ብርጭቆውን ገፍቶ ወንበሩን ተደገፈ።

«ሃያ አራት» አለ አሞስ፤ የመጨረሻውን ጋዜጠኛው ፊት አኖረው። «ክቡር አገረ ገዥ፣ ኅዳር ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቀውኝ ነበር። ውሸት መለስኩልዎት። ያን ቀንም ሃያ አራት ነበር። እኚህ እንግዳ በሃያ አራተኛው ሾርባ ይጠጡበት ነበር። ሚስ ዊሎዲን ፕሩት ምንም አልወሰደችም። ያባረራችኋት ስሟ ጋዜጣ ላይ ስለወጣ ነው።»

«አንተ ልጅ!» አለ አገረ ገዥው ፊቱ ቀልቶ። «ውጣ ወደ ወጥ ቤት!»

«ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። አባቴ በስልሳ ዓመቱ ልጅ እንደተባለ እዚህ ቤት ሞተ። እኔ በዚያ ስም አልሞትም።»

ጓንቶቹን አወለቀ። አጣጥፎ ከማንኪያዎቹ አጠገብ አኖራቸው። ወደ ወጥ ቤት የሚወስደውን በር አየው፤ ከዚያ ወደ ሌላው ዞረ። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ለሌሎች ሲከፍተው የኖረውን የፊት በር ለራሱ ከፈተውና ወጣ። አልዘጋውም።

ዊሎዲን ግቢዋ ውስጥ አንሶላ እያሰጣች ነበር። ባዶ እጁን ሲመጣ አየችው።

«ከፈልኩ» አላት ከአጥሩ ውጭ ቆሞ።

«የት?»

«እዚያው ጠረጴዛ ላይ። ጋዜጠኛው ነበረ፣ እመቤቲቱ ነበረች፣ ሁሉም ነበሩ።»

«ማንኪያውን ምን አልክ?»

«ቆጠርኩላቸው። አንድ በአንድ።»

አንሶላውን በሁለት እጇ እንደያዘች ቆመች። ልታለቅስ ይሁን ልትስቅ አሞስ አልለየለትም።

«ጮክ ብለህ?»

«ጮክ ብዬ።»

«እሷስ ምን አለች?»

«እሷማ አይስክሬሙ ቀለጠባት።»

ዊሎዲን ሳቀች። ሰፈሩ ሳቋን ከሰማ አምስት ወር ሆኖት ነበር፤ ጎረቤቶች በመስኮት ብቅ አሉ። አሞስ ግን አልሳቀም።

«ያ ቃሉ ነው» አለ። «ኅዳር ላይ ደግሞ ና፣ አብረን እንሂድ ብለሽኝ አልመጣሁም። ያም ዕዳ ነው። ፍርድ ቤቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይዘጋል።»

አንሶላውን ገመዱ ላይ ጣለችው። ሽርጧን ፈታች።

«ባርኔጣዬን ላምጣ» አለች።

መዝጋቢው አሞስን ሲያይ ብዕሩን አስቀመጠ። «አሞስ! አንተም?»

«ሚስተር ሃርግሮቭ» አለ አሞስ። «ይቺ ደግሞ ሚስ ፕሩት ናት። ሁለት የምዝገባ ወረቀት።»

ከሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ ገለበጡ፣ ትርጉሙን ጻፉ። መዝጋቢው ሳያነበው ሁለታችሁም ወድቃችኋል አለ። ዊሎዲን፣ «ወር ሲሞላ እንመለሳለን፤ ብዕሩን ቀለም ሙሉት» ብላው ወጣች።

ወደቁም አለፉም ግን ስማቸው መታተም አለበት። ሕጉ ነው። በዚያ ሳምንት ሌላ የደፈረ አልነበረም። ሰኞ ጋዜጣው ላይ እንዲህ ተጽፎ ወጣ፦ ሃርግሮቭ፣ አሞስ። ፕሩት፣ ዊሎዲን። አንዱ ካንዱ ሥር፣ በመካከላቸው ማንም የለም።

ያ ጋዜጣ የጥቁር ሰው ሠርግ አትሞ አያውቅም። ዊሎዲን ያንን ቁራጭ በመቀስ ቆረጠችው፣ በካውያ ተኮሰችው፣ ግድግዳው ላይ ሰቀለችው።

«በነሱ ቀለም፣ በነሱ ወረቀት ተጋባን» አለች።

«ሁለት ሳምንት ሙሉ ነው የሚያውጁልን» አለ አሞስ።

ሚስ ኦክታቪያ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከቤቱ ያስወጧት አሞስ ማንኪያውን በቆጠረ ማግስት ነው፤ አሁን ከዊሎዲን ሁለት ክፍል አንዱ የሷ ነው። «ቄሱ ጋብቻችሁን ሳያውጅማ እዚህ ቤት አብራችሁ አታድሩም» አለች።

እሑድ አሞስ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ምእመናንን ለማስቀመጥ ተረኛ ነበር። የአባቱን ነጭ ጓንት ዊሎዲን ተኩሳ፣ አጣጥፋ ሰጥታዋለች። ምእመናኑ ደረጃውን መውጣት ጀምረዋል። የቀኙን አጠለቀ። የግራውን አጠለቀ።

አውራ ጣቱ ጠንከር ያለ ነገር ነካ። አንዲት የተፈለፈለች የፔካን ፍሬ።

ዊሎዲን ከፊት ወንበር ሆና ዞራ ታየው ነበር። አሞስ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እያየው፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ ሳያዞር ሳቀ።