ይሄም ጥያቄ ነው?

ሰው መሀል ተቀምጦ ብቸኛ መሆን ምን ያህል እንደሚያደክም የሚያውቀው የደረሰበት ብቻ ነው። ታሪኳን የምነግራችሁ ሴት ደርሶባታል። ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሒሳብ አስተምራለች። ስልሳ ሰባ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ስትጮህ ኖራ ድምፅዋ ሰለለ። ሐኪሙ ጉሮሮዋን አይቶ፣ "ከእንግዲህ ወይ ማስተማሩን ወይ ድምፅዎን ይምረጡ" አላት። ድምፅዋን መረጠች፤ የተረፈላት ግን ከሹክሹክታ እምብዛም የማይሻል ሻካራ ድምፅ ነበር።

አንድ ትልቅ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ሙያ መቀየር የሚፈልጉ ሰዎችን ለስድስት ወር በተለማማጅነት እያሠራ እንደሚያሠለጥን የሰማችው በዚያው ሰሞን ነው። ዕድሜዬ ሄዷል ሳትል ተመዘገበች። ከአራት መቶ አመልካቾች ሠላሳ ሲያልፉ እሷም አንዷ ሆነች።

"እማ፣ አንቺ እኮ ጉድ ነሽ!" አለቻት ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ የምትማረው አንድያ ልጇ፣ በስልክ እየጮኸች። እናት በዚያ ቀን ከደስታዋ ብዛት ምሳ መብላት ረስታ ዋለች።

ኩባንያው አሥራ አራት ፎቅ ነው። የተመደበችው ስድስተኛው ፎቅ ላይ፣ ለክሊኒኮችና ለትምህርት ቤቶች የስልክ መልእክት የሚልክ ሲስተም በሚሠራበት ክፍል ነበር። ሠራተኞች የመታወቂያ ባጃቸውን በሰማያዊ ገመድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ፤ የተለማማጅ ገመድ ብርቱካናማ ነው፤ ከሩቅ ይታያል። በረጃጅም ጠረጴዛዎች ዙሪያ የተደረደሩት ወጣቶች ሁሉ ጆሯቸውን በማዳመጫ ደፍነዋል። አጠገባቸው ላለ ሰው እንኳን የሚነግሩትን በጽሑፍ ይልካሉ እንጂ አፋቸውን አይከፍቱም። ጠዋት "እንደምን አደራችሁ" ስትል ያች የሰለለች ድምፅዋ ከጠረጴዛው ጫፍ ሳትደርስ ትቀራለች።

እንዲያሠለጥናት የታዘዘው የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበር። ጣቶቹ ሲጽፉ ዓይን ስለማይከተላቸው ጓደኞቹ "መብረቁ" ይሉታል። መጥፎ ልጅ አልነበረም። በር ከፍቶ ያሳልፋታል፤ ከባድ ዕቃ ስትይዝ ይቀበላታል። ትዕግሥት ግን አልፈጠረበትም።

በሦስተኛው ቀን፣ "ወንድሜ፣ ይሄ ሰርቨር የምትሉት ትልቁ ኮምፒውተር እዚሁ ሕንፃ ውስጥ ነው ያለው?" ብላ ጠየቀችው።

መብረቁ ማዳመጫውን ከአንድ ጆሮው ላይ ገፋ አድርጎ ሳቀ። "ቲቸር፣ ይሄም ጥያቄ ነው? የተሰጠዎት ጽሑፍ ላይ አለልዎት እኮ።"

ከዚያን ቀን ጀምሮ ክፍሉ በሙሉ "ቲቸር" ይላት ጀመር። ከሳቁ ይልቅ አንቱታው ነው ያቆሰላት።

ይባስ ብሎ በሁለተኛው ሳምንት የክፍሉ የስልክ ግሩፕ ውስጥ አስገቧት። ስትከፍተው "የዕለቱ ጥያቄ" የሚል ነገር አየች። አዲስ ገቢዎች የጠየቁት የሚያስቅ ጥያቄ በየቀኑ እየተመረጠ የሚለጠፍበት ነው። የሦስተኛው ቀን ምርጥ ጥያቄ የእሷ ነበር፤ "ሰርቨሩ እዚሁ ነው?" ተብሎ፣ ከሥሩ ሠላሳ አንድ የሚስቁ ፊቶች ተደርድረዋል። ቁጥር የለመደች ሴት ናትና አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ከዚያ ወዲህ አፏን ለጎመች። ያልገባትን ቤቷ ወስዳ እያነበበች፣ እየገመተች፣ እየሞከረች ትሠራ ጀመር። ብዙውን ጊዜም ይሳካላት ነበር፤ ጭንቅላቷ ብሩህ ነው። ምሳዋን ግን ምግብ ቤቱ ውስጥ መብላት ተወች። በስድስተኛውና በሰባተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ትበላለች። የደረጃው መብራት እንቅስቃሴ ካላየ ራሱን የሚያጠፋ ነው። ጉርሻዋን ሳትውጥ ድርግም ይልባታል። እጇን ታወዛውዝና ታበራዋለች፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል። በዚያ ሕንፃ ውስጥ መኖሯን በየሦስት ደቂቃው የምታስታውቀው ለመብራቱ ብቻ ነበር።

እሁድ እሁድ ልጇ ትደውላለች።

"እማ፣ ጓደኛ አገኘሽ?"

"ሞልቶ! አጠገቤ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለች፣ ያለኔ ምሳ አይወርድላትም።"

እንዲህ ያለች ልጅ አልነበረችም። እናት ግን በየሳምንቱ አንድ ነገር እየጨመረችላት ሄደች፤ ሳቂታ አደረገቻት፣ ታናሽ ወንድም ሰጠቻት፣ አንድ ጊዜማ ጉንፋን አስያዘቻት። ስልኩን ስትዘጋ ክፍሏ ጭር ይላል።

በአራተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ የክፍሉ ኃላፊ የሆነችው ሴት ለአንድ የዓይን ክሊኒክ አዲስ የተጻፈ መልእክት እንድትሞክር አዘዘቻት። መልእክቱ "ለነገ የተያዘልዎ ቀጠሮ ተሰርዟል" የሚል ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት የስልክ ዝርዝሮች አሉ፤ አንዱ ለሙከራ የተፈጠረ፣ ሌላው የእውነተኛ ታካሚዎች። የዝርዝሮቹ ስም አንድ ነው፤ የሚለያዩት መጨረሻቸው ላይ ባለች አንዲት ቁጥር ነው። አንዱ በሦስት፣ አንዱ በዘጠኝ ያልቃል። የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚናገር ጽሑፍ ፈልጋ አጣች።

ወደ መብረቁ ዞረች። ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። ማዳመጫውን አድርጎ ራሱን በዘፈኑ ያወዛውዛል። እጇን ትከሻው ላይ ልታሳርፍ ዘረጋች። ወዲያው ሠላሳ አንዱ የሚስቁ ፊቶች ትዝ አሏትና እጇን መለሰች። ትልቁ ቁጥር በኋላ የተሠራ ይሆናል፣ በኋላ የተሠራው ደግሞ ለሙከራ ነው ብላ ገመተችና ዘጠኙን መርጣ ላከች።

ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ታካሚዎች ቀጠሯችሁ ተሰርዟል ተባሉ።

ስህተቱ የታወቀው ክሊኒኩ ሲደውል ነው። ክፍሉ ተተራመሰ። በአንድ ሰዓት ተኩል ውስጥ የማስተካከያ መልእክት ተላከ፤ በማግስቱም ሁለት መቶ ዘጠኙ በሰዓታቸው ተገኙ። ከቀሩት ሦስቱ ሁለቱ በሳምንቱ ታዩ። ሦስተኛው አንድ ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ነበሩ፤ የሁለቱም ዓይናቸው ብርሃን ሊጠፋ ተቃርቧል። የመጀመሪያውን መልእክት ተከራያቸው አንብቦላቸው ወደ ሥራው ሄደ፤ ሁለተኛው ሲመጣ የሚያነብላቸው ሰው አጠገባቸው አልነበረም። ቀዶ ሕክምናውን የሚሠራው ሐኪም ደግሞ ከሌላ ከተማ በሦስት ወር አንድ ጊዜ የሚመጣ ነው። መጥቶ፣ ሠርቶ፣ ሄደ።

የሽማግሌው ነገር ከክሊኒኩ ሲሰማ፣ ኃላፊዋ ሐሙስ ዕለት ክፍሉን ሰበሰበች።

"ሁለቱን መለየት ካቃተሽ ለምን አልጠየቅሽም?" አለቻት። "አጠገብሽ እኮ ነው የሚቀመጠው!"

"እውነት ነው፣ አጠገቤ ነው" አለች ተለማማጇ። ድምፅዋን ለመስማት ሁሉም ወደ ፊት ዘመም አሉ። "በፊት በፊት እጠይቅ ነበር። ጥያቄዎቼ የት እንደሚለጠፉ ካየሁ በኋላ ተውኩት። ስህተቱ የኔ ነው፤ የላክሁት እኔ ነኝ።"

መብረቁ ፊቱ ቀላ። "እኔም ስገባ ተስቆብኛል" አለ። "ማንም እጄን ይዞ አላሳየኝም። ሰው በራሱ ሲፍጨረጨር ነው የሚጠነክረው።"

"አንተ ጠንክረህ ይሆናል" አለችው ሳትቆጣ። "ሽማግሌውስ? እሳቸው ምን አደረጉን?"

ኃላፊዋ ስልኳን አውጥታ "የዕለቱ ጥያቄ"ን ከፈተች። ወደ ኋላ እየሄደች አየችው። ከሠላሳ አንዱ የሚስቁ ፊቶች አንዱ የራሷ ነበር። መሳቋን እንኳን አታስታውሰውም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ በፊቱ ደፋችው። ከዚያ "ዛሬ ይዘጋል" አለች፣ ማንንም ሳታይ። የተለማማጇ ሥልጠና ግን በሦስት ወር እንዲራዘም ተወሰነ፤ ብርቱካናማው ገመድ አንገቷ ላይ ቀረ።

ቅዳሜ ከክሊኒኩ አድራሻ ጠይቃ ሽማግሌው ቤት ሄደች። በአንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ የቆሙና የሚሄዱ ሰዓቶች በተሰቀሉበት ግድግዳ ሥር ተቀምጠው አገኘቻቸው።

"አባባ፣ ያንን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።"

ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። "ይቅርታሽን ምን ላድርገው? ዓይን አይሆነኝም" አሉ። እንደማትሄድ ሲያውቁ፣ "በይ ተቀመጪ። ድምፅሽን ምን ነካው?" ብለው ጠየቁ።

"አስተማሪ ነበርኩ፤ ጩኸት ነው የጎዳኝ።"

"እንዴት ነው ሳታውቂ የላክሽው?"

አንድም ሳታስቀር ነገረቻቸው። ሽማግሌው አዳምጠው ሲጨርሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"ልጄ፣ አስተማሪ ሳለሽስ? ልጆቹ ሲጠይቁሽ አትቆጪም ነበር?"

ጥያቄው እንደ መርፌ ወጋት። አልቆጣም ልትል አፏን ስትከፍት የድሮ ተማሪዋ ትዝ አለቻት። ከኋላ ወንበር የምትቀመጥ አንዲት ቀጭን ልጅ ነበረች። አንድ ቀን እጇን አውጥታ፣ "ክፍልፋይ ስንደምር ለምን የታችኛው ቁጥር አይደመርም?" ብላ ጠየቀቻት። አስተማሪዋ "ትናንት ሳስረዳ የት ነበርሽ?" አለቻት፤ ክፍሉ ሳቀ። ዓመቱ እስኪያልቅ ያች ልጅ እጇን ዳግም አላነሳችም። ያን ጊዜ ለአስተማሪዋ የመሰላት ልጅቷ እንደገባት ነበር።

"እቆጣ ነበር አባባ" አለች።

ጠረጴዛው ላይ ያልተከፈቱ ሁለት ደብዳቤዎች ነበሩ፤ ሽማግሌው ጎትተው ሰጧት። "እስቲ ምን እንደሚሉ አንብቢልኝ። ጩኺ አልልሽም፤ ጆሮዬ ደህና ነው።"

ከዚያ በኋላ በየቅዳሜው ትሄድ ነበር። በዚያች የመጀመሪያ ቅዳሜ ማታ ደግሞ ለልጇ እውነቱን ነገረቻት፤ ሳቂታዋ ጓደኛ እንዳልነበረች ጭምር። ልጇ በስልኩ ወዲያ ማዶ አለቀሰች። እናትም አለቀሰች፤ ግን ቀለል አላት።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ መብረቁ ቀድሟት ደርሷል። ማዳመጫው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። ወንበሩን እየገፋ ወደ እሷ ተጠጋ።

"ቲቸር... ይቅርታ፣ እንደዚያ ማለቴን ልተወው። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? ግን አይሳቁብኝ።"

"ጠይቀኝ።"

"ዝርዝሮቹ እንዴት እንደሚለዩ ነገ ለሁሉም እንዳስረዳ ታዝዣለሁ።" አንገቱን ደፋ። "አላውቀውም። ከኔ በፊት የነበረው ሰው፣ 'በዘጠኝ የሚያልቀውን አትንካ' ብሎኝ ሥራ ለቀቀ። ለምን እንደሆነ፣ ሌላም በዘጠኝ የሚያልቅ ይኑር አይኑር፣ አላውቅም። አራት ዓመት ሙሉ ሰው እንዳያውቅብኝ ስሸሽ ነው የኖርኩት። ማዳመጫው ውስጥ ብዙውን ጊዜ ዘፈን እንኳን የለም።"

ለአንድ አፍታ ብድሯን መመለስ አማራት። ሰው ናትና። አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችው።

"ጥሩ ጥያቄ ነው" አለችው። "እኔም አላውቀውም። ማን ያውቃል?"

"ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ሲስተሙን መጀመሪያ የሠሩት ሰውዬ አሉ ይባላል። ግን ምን ብዬ እገባለሁ?"

"አብረን እንገባለና!"

በአሳንሰር ወጡ። በኮሪደሩ መጨረሻ የተዘጋ በር አለ። መብረቁ ለማንኳኳት እጁን አነሳና አየር ላይ ተወው። እሷ ጠበቀችው። በመጨረሻ አንኳኳ። ውስጥ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ብቻቸውን ኮምፒውተር ፊት ተቀምጠዋል።

"ይቅርታ፣ ያልገባን ነገር አለ" አለ መብረቁ።

ሰውየው መነጽራቸውን አወለቁ። ምን እንደፈለጉ ሲነገራቸው ብድግ ብለው ሁለት ወንበር ላይ የተከመሩ ወረቀቶችን ወደ መሬት አወረዱ። "ግቡ፣ ግቡ! ይሄን ነገር ከሠራሁት አሥራ አንድ ዓመቴ ነው" አሉ። "እስከ ዛሬ መጥቶ የጠየቀኝ ሰው የለም።"

እስከ ምሳ ሰዓት ሲያስረዱ ቆዩ።

ሰዓት ሠሪው ሐኪሙ በሦስተኛው ወር ተመልሶ ሲመጣ ቀዶ ሕክምናቸው ተሠራላቸው። ቀኝ ዓይናቸው ተረፈ፤ ግራው መዘግየቱ ጎድቶት ነበርና አልዳነም። ይህንን ማንም ሊመልሰው አይችልም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አባቶች "ዝም አይነቅዝም" ይላሉ። ፈርቶ ዝም ያለ ሰው ዝምታ ግን ይነቅዛል፤ ነቀዙም የሚበላው ዝም ያለውን ብቻ አይደለም። በየቢሯችሁ፣ በየክፍላችሁ፣ በየቤታችሁ አንድ ሰው እጁን ለጥያቄ ዘርግቶ ሲመልሰው ብታዩ፣ ሥራችሁን አቁሙና "ምን ልትለኝ ነበር?" በሉት።