በረዶ የማይወደው ደም

ከረፋዱ አራት ሰዓት፣ ናዝሬት መናኸሪያ። ዶክተር ሙሉብርሃን የበረዶ ሣጥኑን ለሾፌሩ ለደገፋ አቀበለው። ጉዲቱ የፓፓያ ዘንቢሏን ታቅፋ አሥር እርምጃ ርቃ ታያለች።

በዶክተሩ ላቦራቶሪ የምትታወቀው በጽዳት ሠራተኛነት ነው። ደብረ ዘይት ለሚጠብቃት የጦር መረጃ ሻለቃ ግን በምስጢር ስሟ «ገል» የምትባል ሰላይ ናት። የአሰብ መንገድ ሾፌሮች በኤድስ እየረገፉ ነው። የከተማው ካድሬ ጓድ ወልደአማኑኤል ደግሞ በሽታው የኢምፔሪያሊስቶች አሉባልታ መሆኑን በስብሰባ አስወስኗል። ቫይረሱ ስብሰባው ላይ አልተገኘም መሰለኝ። ሻለቃው ማስረጃ ፈልጓል፤ የአሥራ ሁለት ሾፌሮች ደም በአንድ ቀን ውስጥ ይድረስ ብሏል።

ደገፋ ኮፍያውን አወለቀ።

ምልክት ነበር። ሦስት ካኪ ለባሾች ዶክተሩን ከበቡት። ካድሬው ቦርጩን አስቀድሞ መጣ።

«ደሙ ይሄ ነው?»

«እሱ ነው ጓድ» አለ ደገፋ። ለቀበሌ ሊቀመንበርነት ሲል የስንት ዓመት ወዳጁን ሸጠ፤ ፊቱ እንኳ አልቀላም።

«ማቀዝቀዣ ይግባ! ማስረጃው እንዳይበላሽ!»

ሣጥኑ ውስጥ ያለው የበግ ደም ነው። ይግባለት።

ደገፋ ከሦስት ቀን በፊት «ስንት ብልቃጥ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ ነበር የነቃችበት። ለዶክተሩም ነገረችው።

«ጅል ሁሉ ደም ሲባል በረዶ ነው የሚታየው» አላት። «እኛ የምንቆጥራቸው ነጭ ሴሎች ግን በበረዶ ያልቃሉ። ቫይረሱ የሰውነትን ዘብ አዛዦች ነው የሚይዘው። ውስጣቸው ገብቶ የራሱን ብዜት ያስመርታቸዋል፣ ከዚያ ይገድላቸዋል። መልኩንም ይለዋውጣል፤ ክትባቱ ገና ነው።»

«እርስዎስ፣ ዶክተር?»

«እኔ ሣጥኑን ይዤ ካልመጣሁ ሁሉን ሰው ይፈትሻሉ። አንቺንም።»

እውነተኛዎቹ ብልቃጦች በጥጥ ተጠቅልለው ከፓፓያዎቹ ሥር ናቸው።

አንዱ ካኪ ለባሽ ወደ ጉዲቱ ዞረ።

«አንቺ! ይሄን ሰውዬ ታውቂዋለሽ?»

«ኧረ አላውቀውም፣ ጓድ።»

ዶክተሩን በጥፊ ሲመቱት ሰማች። ዘንቢሏን እንዳቀፈች የደብረ ዘይቱ አውቶቡስ ላይ ወጣች።

ደብረ ዘይት ላይ ሴሎቹ በሕይወት ደረሱ፤ እስከ ማታ ተቆጠሩ። ከአሥራ ሁለቱ ሾፌሮች የሰባቱ ዘብ አልቋል። ሻለቃው ወረቀቱን አንብቦ ፈገግ አለ።

«አሁን ወልደአማኑኤልን ከሥሩ እነቅለዋለሁ! ወንበሩ የኔ ነው!»

«ሾፌሮቹስ? ዶክተሩንስ መቼ ያስፈቱታል?» አለች ጉዲቱ።

«የትኛው ዶክተር?»

ካድሬውን ንቃው ነበር። ይሄኛውን የምታስቀምጥበት ዝቅ ያለ ቦታ አጣች።

በሳምንቱ ሻሸመኔ አንድ ሆቴል ባዶ የፓፓያ ዘንቢል ይዛ የመጣች ሴት አንሶላ እንድታጥብ ቀጠረ። ስሟን ሲጠይቋት «መሰለች» አለች። ከየት እንደመጣች ማንም አልጠየቃትም።