ወፏ የተቀበረችበት ደጃፍ

ፊንባር የተባለው አየርላንዳዊ ሽማግሌ ግሮሩድ በተባለው የፈረንጅ አገር ሰፈር፣ በራሱ ቤት ደረጃ ግርጌ ሞቶ ተገኘ። የፈረንጆቹ ገና ማግስት ነበር። ከአናቱ እስከ ትከሻው በገለባ የተጎነጎነ ጭምብል አጥልቋል። በመስኮቱ ላይ ለመንገደኛ የሚያበራት ሻማ እስከ ግርጌዋ ነዳለች፤ በሩም እንደ ልማዱ አልተቆለፈም።

ፖሊስ መጀመሪያ የያዘው ፍሬዘርን ነው። ኢትዮጵያዊ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የፊንባርን ምድር ቤት ተከራይቶ ይኖራል፤ ያን ዕለት ጠዋት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምቷል። ከተከሰሰ ትምህርቱም የመኖሪያ ፈቃዱም ያበቃል። አማርኛ ትችላለችና ጉዳዩ ለመርማሪ ምኞት ተሰጠ።

«ምን አጨቃጨቃችሁ?» አለችው።

ፍሬዘር እንዳቀረቀረ ነገራት። በፊንባር አገር በዚህ ቀን ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች ከቤት ቤት ይዞራሉ፤ የወፎች ንጉሥ ስለሚሏት ትንሽ ወፍ ይዘፍናሉ፤ ለመቅበሪያዋም ይለምናሉ። ድሮ የእውነት ይገድሏት ነበር፤ የፊንባር ወፍ ግን ከሱፍ የተሠራች ናት፤ በዱላ ጫፍ ያስራታል። ፍሬዘር ዘፈኑን አጥንቶ፣ ጭምብሉንም በእጁ ጎንጉኖ፣ ሰዓቱ ሲደርስ አልወጣም አለ።

«ጎረቤታችን ጋሼ ጥሩነህ ቤት ልጃቸውን ኤማን ሊጠይቁ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ አውቃለሁ። በነሱ ፊት ደጅ ቆሜ ልዘፍን? ላሊበላ ነኝ እንዴ አልኩት።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ላሊበላ ምንድን ነው አለኝ። በማለዳ ተከናንቦ በየደጁ እየዘፈነ የሚለምን ነው ስለው ደስ አለው። ‹ታዲያ የአገሬ ሰዎች ናችኋ› ብሎ ብቻውን ወጣ።»

«የማይሰጥ ቤት ቢገጥመውስ?»

ፍሬዘር ቀና አለ። «ወፏን እዚያው ደጃፍ ይቀብራታል። ለዚያ ቤት ዓመቱን ሙሉ ዕድል የለውም ይባላል።»

ዱላው ከሬሳው ጎን ተገኝቷል። ወፏ ግን አልነበረችም።

ጋሼ ጥሩነህ የፊንባር የግድግዳ ጎረቤት ናቸው፤ መሀል ከተማ፣ ቢየርቪካ፣ የቢሮ ጽዳት ሠራተኞች አለቃ፣ በቤተ ክርስቲያን የተከበሩ ሰው። ያን ቀን በራቸውን ያንኳኳ እንደሌለ ነገሯት። ከሽማግሌዎቹ ጋር የመጣችው የሙሽራው አክስት እሌኒም፣ ነርስ ናት፣ ምንም አልሰማሁም አለች፤ ይህን ስትል የሻርፗን ጫፍ ታጥፍና ትዘረጋ ነበር። ልጃቸው ኤማ ግን ሳታስበው አንድ ነገር ጣል አደረገች፤ የፊት ደረጃው በረዶ ነው ብለው አባቷ እንግዶቹን በጓሮ በር ሸኝተዋል።

ምኞት ስትወጣ የፊቱ በር ወደ ውጭ እንደሚከፈት አስተዋለች። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ፊት ለፊቱም ጫካ ብቻ። ጎንበስ ብላ ጥግ ላይ የተቆለለውን በረዶ በእጇ ጫረች።

በማግስቱ ሁሉንም ፊንባር ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ፍሬዘር በሁለት ፖሊሶች መካከል ተቀመጠ።

«የጭምብሉ ዓይን በማጅራቱ በኩል ነበር» አለች። «ፊንባር ራሱ እንዲህ አያጠልቀውም፤ የጎነጎነውም ሰው አይሳሳትም። አናቱ ደምቷል፤ የገለባው ውስጥ ግን ንጹሕ ነው። ደሙ ከረጋ በኋላ ነው ያጠለቁለት።» ከዚያ የሱፏን ወፍ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይቺን ያገኘኋት እርስዎ ደጃፍ ነው፣ ጋሼ ጥሩነህ። መጥቷል፤ ከልክለውታል። ሊቀብራት እንዳጎነበሰ በሩ ተከፍቶ መታው። ፍሬዘር እንደነገረኝ ያን ጠዋት ፊንባር የሁለታችሁንም ደረጃ ጠርጎ አሸዋ በትኖበታል፤ አሸዋው አሁንም አለ። ታዲያ ልጅዎን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች በጓሮ በር የተሸኙት ለምንድን ነው?»

ጋሼ ጥሩነህ እጃቸውን ሰደው ወፏን ወደ ራሳቸው ሳቡ።

«ጭምብሉን አውልቆ እኔ ነኝ አለኝ። ዘጋሁበት። ሄዶ እንደሆን ለማየት በሩን በኃይል ስከፍተው ወደቀ። ይተነፍስ ነበር።»

«አምቡላንስ አልጠሩም።»

«እንግዶቹ ይወጡ ነበራ። ማነው ሲሉኝ ለማኝ ነው አልኩ። ሲጨልም ሸኝቼ ስመለስ አልቆለታል፤ ወደ ደጁ ጎተትኩት።» ድምፃቸው ወረደ። «ጭምብሉን ግን አልተሳሳትኩም፣ ልጄ። ዓይኑ አልከደን አለኝ። ቀዳዳው በኔ በኩል እንዳይሆን አዞርኩት።»

ኤማ ከአባቷ አጠገብ ተነስታ መስኮቱ ጋ ቆመች።

«ሲወድቅ ሰምቻለሁ» አለች እሌኒ ማንንም ሳታይ። «ነርስ ነኝ፤ ሰው ሲወድቅ ድምፁን አውቃለሁ። ለማኝ ነው ሲሉ ግን መልሼ ጎረስኩ።»

ፍሬዘር ያን ዕለት ተለቀቀ። ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

በቀብሩ ላይ ፊቱን ሳይሸፍን፣ ሽማግሌዎቹ ባሉበት፣ ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር ዘፈነው። ሁሉም አቀርቅሮ ሰማ። ለመቅበሪያ የሚለምነው ቦታ ሲደርስ ፊንባር እንዳስተማረው እጁን ዘረጋ። ምን እንደሚሰጠው ያወቀ አልነበረም። በመጨረሻ ኤማ ጎንበስ ብላ ከተቆፈረው አፈር ዘገነችና መዳፉ ላይ አኖረችለት።