ወፍራሙን ላምጣልሽ

ግድግዳ ማዳመጥ ከተለመደ ወዲህ ድሬዳዋ ውስጥ አሮጌ ቤት ያለው ሰው እንግዳ አያጣም። ትርሲት ኃይለመለኮትም በዚያ ጠዋት፣ ቀዚራ ሰፈር፣ ከተማዋን ከፀሐይ ከሚከልለው የጥላ ጣራ ሥር፣ የአንድ ባዶ ቤት ሳሎን ውስጥ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጥፋ ቆማ ነበር።

«አቦ፣ በባዶ ጆሮ ምን ሊሰማሽ ነው?» አለ የሥራ ባልደረባዋ አብዱልሰመድ፣ መሣሪያውን ከጋሪ እያወረደ።

«ምንም። ሰላም ልበለው ብዬ ነው።»

መሣሪያውን ቃራሚ ይሉታል። እርጥብ ኖራ ሲደርቅ በአጠገቡ የነበረውን ድምፅ በውስጡ ይዞ ይቀራል፤ ቃራሚው በቀጭን ብርሃን እየዳሰሰ ያወጣዋል። ብርሃኑ የነካው ኖራ ግን ዱቄት ሆኖ ይረግፋል። አንዴ መርገፍ የጀመረ ግድግዳ ደግሞ እስኪያልቅ አይቆምም። ስለዚህ አንድ ግድግዳ የሚዳመጠው አንዴ ብቻ ነው።

ትርሲት ዕድሜዋን የሰጠችው እሷ ሳትወለድ ብዙ ዘመን ቀድሞ ለሞተው ለፒያኖ ሙዚቃ ደራሲው ለዕንባቆም በለጠ ነው። እህቶቿ ሲደውሉ «ዕንባቆም ደኅና ነው?» ብለው ይቀልዱባታል። እሷም ሳትስቅ «ደኅና ነው፣ ባለፈው ሐረር ላይ አገኘሁት» ትላቸዋለች። ከተበላሹ ካሴቶች፣ ከአሮጌ አዳራሾችና ከሆቴል ግድግዳዎች ሥራዎቹን አንድ በአንድ ለቅማ ጨርሳለች። የቀራት «የደወሌ ነፋስ» የሚባለው የመጨረሻ ድርሰቱ ነበር። ኖታው ጠፍቷል፣ ቅጂም የለውም። የሚታወቀው ይህ ቤት ሲለሰን ዕንባቆም እዚህ ተቀምጦ እንደተጫወተው ብቻ ነው።

ሊቃውንቱ ስለ መጨረሻ ዘመኑ የሚሉት አንድ ነው። ዕንባቆም ሲያረጅ ቀጫጭኑን ድምፅ ትቶ ወደ ፒያኖው ወፍራም ወገን ወረደ፤ ሐዘን ውጦት ነው ይላሉ። ትርሲትም ይህን አምና ስንት ጊዜ አልቅሳለታለች።

ብርሃኑ ከግድግዳው ጫፍ ተነሣ። ነጭ ዱቄት መሬቱ ላይ ይዘንብ ጀመር። ወዲያው ፒያኖው መጣ፤ ከባድ፣ ዝግ ያለ፣ ከወለሉ ሥር የሚነሣ የሚመስል ድምፅ። ትርሲት እጇን አፏ ላይ ጫነች። አብዱልሰመድ እንኳ ቀልዱን ረሳ።

ብዙም ሳይቆይ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ፒያኖው ላይ የአህያ ጩኸት፣ የለሳኞች ጨዋታ፣ የወንበር ሲጥሲጥታ ተደበላለቀ።

«ወንፊቱ ሄደ!» አለ አብዱልሰመድ። ወንፊት የሚሉት ሙዚቃውን አስቀርቶ ሌላውን ድምፅ ሁሉ የሚያራግፈውን የመሣሪያውን ክፍል ነው። «ይሄ ግርግር ሁሉ የቃራሚውን ማኅደር ይሞላዋል፤ ለመጨረሻው ቦታ አይኖረንም። ተጠባባቂውን ልክፈት።»

«ክፈተው፣ ክፈተው!»

እጁ ማብሪያው ጋ ሲደርስ አንድ የወንድ ድምፅ ከግድግዳው ወጣ። በቀስታ፣ እያንዳንዱን ቃል እየለየ ነበር የሚናገረው።

«ስንዱ፣ ፊቴን እዪ። አፌን እዪ። እጅሽን እንጨቱ ላይ አድርጊ... እንዲያ። አሁን መጣልሽ?»

መልስ አልተሰማም። ፒያኖው ላይኛው ወገን ላይ ጥቂት ቀጫጭን ድምፆች ተንጠባጠቡ።

«ቀጭኑ አልመጣልሽም? ተዪው እህቴ፣ ተዪው። ወፍራሙን ላምጣልሽ።»

ያ ከባድ ድምፅ ተመልሶ መጣ። ከዚያ አንዲት ሴት ሳቀች። ሳቋ ቃል ያልለመደ ጉሮሮ ሳቅ ነበር፤ የራሱን ድምፅ ሰምቶ የማያውቅ፣ ልክ የሌለው፣ ቤቱን የሚሞላ። እግሯም ወለሉን ከፒያኖው እኩል ይመታ ጀመር።

ትርሲት የአብዱልሰመድን እጅ አፈፍ አድርጋ ያዘች። «አትክፈት!»

«መጨረሻውን እኮ ታጪዋለሽ! ስንት ዓመት የፈለግሽውን!»

«ከከፈትከው እሷ ትራገፋለች። ተወው አልኩህ፣ አብዱሌ።»

እሱም ተወው። ፒያኖውና ሳቁ፣ አህያውና ለሳኞቹ አብረው ቀጠሉ። ዕንባቆም በመሃሉ «አይዞሽ፣ ሌላም አለኝ» ይላል። ሐዘን የዋጠው ሰው ድምፅ አልነበረም፤ የሚወዳትን እህቱን ሙዚቃ የሚያጎርስ ሰው ድምፅ እንጂ።

ማኅደሩ ሲሞላ ድምፁ በመሃል ተቆረጠ። ብርሃኑ ግን መንገዱን አልተወም፤ የቀረውም ኖራ የያዘውን እንደያዘ ጸጥ ብሎ ረገፈ። ሁለቱም ቆመው አዩት። ትርሲት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

የሚሠሩበት የሙዚቃ ቤተ መዛግብት ኃላፊ ዶክተር ሰናይት ቅጂውን እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«ማለቂያውስ?»

«የለም።»

«ተጠባባቂውን ወንፊት ብትከፍቱ ይኖር ነበር።»

«ይኖር ነበር» አለች ትርሲት።

ዶክተሯ ተቆጣች፣ መቆጣቷም አግባብ ነበር። የማይመለስ ነገር ጠፍቷል። ብዙ ከተናገረች በኋላ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በይ እስቲ ያቺን ሳቅ ድገሚልኝ» አለች።

በዚያው ምሽት ትርሲትና አብዱልሰመድ የቀድሞዎቹን ቅጂዎች ከፍተው ተቀመጡ። ሁሉም ጥርት ያሉ ነበሩ፣ አንድ እንከን የላቸውም። ትርሲት አንዱን በመሃል አቆመችው።

«ይሄን ሲጫወት አጠገቡ ማን ነበር?»

«ማንም አይሰማም።»

«ሰው ስላልነበረ ነው?»

«ሰውማ ነበር» አለ አብዱልሰመድ። «እኛ ነን በወንፊቱ ያስወጣናቸው።»

በሚቀጥለው ሳምንት ሐረር ሄደው ዕንባቆም ረግጦት የማያውቅ አንድ ቤት አንኳኩ። ወንፊቱን ከቃራሚው ነቅለው ድሬዳዋ ትተውት ነበር። የከፈተችላቸው ሴት ግራ ተጋባች።

«ተሳስታችሁ እንዳይሆን። እዚህ ሙዚቀኛ ኖሮ አያውቅም። የአያቴ አባት ልብስ ሰፊ ነበር፣ ግድግዳውን የለሰነው እሱ ነው።»

«ስሙ ማን ነበር?» አለች ትርሲት።

«አብዱራህማን። ምን ልትሰሙ ነው ከሱ? በሽተኛ ነበር አሉ፤ ሲያስል ነው የሚውለው።»

«ግድ የለም» አለች ትርሲት ጫማዋን እያወለቀች። «ሳሉንም እንወስዳለን።»